ጀርመኖቹ ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ እንዴት ነው የኖሩት? ለምንስ ተመልሰው ይገቡ ነበር?

የቺካጎው_ልጅ

ሰላም ቤተሰብ። ቅዳሜ ዕለት ልጆቼን ይዤ እዚህ ቺካጎ ያለው የሳይንስና ኢንዱስትሪ ሙዚየም ሄጄ ነበር። ዩ-505 የሚባለው የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ እዚያ ምድር ቤት ውስጥ ቁጭ ብሏል፣ እውነተኛው ራሱ። ከውጭ ሲያዩት ግዙፍ ነው፣ 76 ሜትር ምናምን ይረዝማል። ውስጥ ሲገቡ ግን ሁለት ሰው ጎን ለጎን አይተላለፍም። ልጄ "አባዬ፣ እዚህ ስንት ሰው ነበር የሚኖረው?" ብሎ ጠየቀ። ወደ 60 ሰው ነው ሲባል እኔም ክው አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ስለነሱ ሳነብ ነው የማመሸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጀርመን ሰርጓጆች ከዘመተው 40 ሺህ ያህል ሰው ወደ 30 ሺህ የሚጠጋው አልተመለሰም። ከ4 ሰው 3ቱ በሉት።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ እዚያ ውስጥ ለወራት እንዴት ነበር የሚኖረው? መብላቱ፣ መተኛቱ፣ ሽንት ቤቱ፣ ሁሉም። ሁለተኛ፣ አንዴ ወጥቶ ከሞት የተረፈ ሰው ምን ነክቶት ነው ተመልሶ የሚገባው? "ናዚ ስለሆኑ ነው" የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ፣ እሱን ተሻግራችሁ የምታውቁትን አጫውቱኝ።

ምፅዋ67

ልጄ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ በጃንሆይ ዘመን ባሕር ኃይል ሞተረኛ ነበርኩ። ሰርጓጅ አልነበረንም፣ የኛዎቹ ከውሃ በላይ የሚሄዱ ናቸው። የሞተር ክፍል ሙቀትና ጩኸት ግን የትም አንድ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ እጽፍልሃለሁ፣ እንዳትደናገር።

መጀመሪያ ይሄ ይግባህ። ያኔ የነበረው መርከብ በስሙ ሰርጓጅ ይባል እንጂ አብዛኛው ኑሮው ከውሃ በላይ ነው። ከላይ ሲሄድ በሁለት ናፍጣ ሞተር ይነዳል። ናፍጣ ሞተር ደግሞ አየር ካላገኘ አይሠራም። ስለዚህ መርከቡ ሲሰርግ ሞተሩ ይጠፋና በባትሪ ይሄዳል። ጀርመኖች በብዛት የሠሩት ዓይነት ሰባት-ሲ የሚባለው ነው፣ አንተ ካየኸው ያንሳል፣ 67 ሜትር ነው። ከላይ በሰዓት 33 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል። ከታች ግን ቢበዛ 14 ነው፣ ያውም ለትንሽ ጊዜ። እየተንፏቀቀ ቢሄድ እንኳ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ባትሪው ያልቃል፣ የሰዉም አየር ይቆሽሻል። ያን ጊዜ ወዶም ሆነ ሳይወድ መውጣት አለበት። ሲወጣ ይታያል። ከወጣ በኋላ አውሮፕላን ካገኘው አለቀለት።

ለዚህ ነው ከላይ ሲሆኑ ዓይናቸው የማያርፈው። ማማው ላይ 4 ሰው ይቆማል፣ እያንዳንዱ የራሱን የአድማስ ሩብ ይዞ በባይኖክላር ይቃኛል፣ ለ4 ሰዓት። ጎን ያለው ጓደኛህ ቢያስነጥስም፣ ሌላ አቅጣጫ መርከብ ቢታይም አንተ ሩብህን አትለቅም። የሰሜን አትላንቲክ ክረምት ሲሆን ደግሞ ማዕበሉ ራስህ ላይ ይወጣልና በቀበቶ ከብረቱ ጋር ትታሰራለህ። ያም ሆኖ በኦክቶበር 1941 ዩ-106 ማማው ላይ የነበሩትን 4ቱንም ሰዎች ማዕበል ጠርጎ ወስዶባቸዋል። ተረኞቹ ሲወጡ ማማው ባዶ ነበር።

ጠላት ከታየ "አላርም!" ይባላል። ማማው ላይ ያሉት በመሰላሉ ላይ ተንሸራተው ይወድቃሉ፣ ክዳኑ ይዘጋል። በእጁ ሥራ ያልያዘ ሰው ሁሉ በዚያች ጠባብ መተላለፊያ እየተጋፋ ወደ ፊት ለፊቱ ክፍል ይሮጣል። ለምን መሰለህ? አፍንጫው ከብዶ ቶሎ እንዲሰርግ ነው። የሰው ክብደት ራሱ ሥራ ላይ ይውላል። ጎበዝ የሆነ ቡድን በ30 ሰከንድ አካባቢ ከውሃ በታች ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ላስረዳህ ብል ያቅተኛል። የእንግሊዝ አጃቢ መርከብ ከላይ ሆኖ ድምፅ ይልካል፣ ድምፁ ብረቱን ነክቶ ሲመለስ ውስጥ ላለው ሰው በጆሮው ይሰማል። ቲንግ… ቲንግ… እያለ። ሲቀርብ ይፈጥናል። ከዚያ ፈንጂ በርሜሎች ወደ ውሃው ይወረወራሉ፣ ሲወድቁም ይሰማል። እስኪፈነዱ ትጠብቃለህ። መብራት ይጠፋል፣ የመለኪያ መስታወቶች ይረግፋሉ፣ ውሃ በየመጋጠሚያው እንደ መርፌ ይተኩሳል። ማንም አይናገርም፣ ጫማ የለም፣ ዕቃ አይወድቅም። ሥራ የሌለው አየር እንዳይጨርስ አልጋው ላይ ይጋደማል። የተቃጠለውን አየር የሚያጣራ ዱቄት ያለበት ሳጥን ደረቱ ላይ ያስቀምጥና በቱቦ ይተነፍሳል። አንዳንዴ ይሄ ነገር ቀኑን ሙሉ ይቀጥላል። አዛዡ ብቻ ያወራል፣ እሱም በሹክሹክታ።

ሞተረኛ ስለነበርኩ እኔን የሚያሳዝኑኝ ከኋላ ያሉት ናቸው። 6 ሰዓት ሥራ፣ 6 ሰዓት ዕረፍት። ፀሐይ ሳያዩ ሳምንታት ያልፋሉ። ናፍጣው ሲሠራ ጩኸቱ ስለማያነጋግር በእጅ ምልክት ነው የሚግባቡት። ከላይ ምን እየሆነ እንደሆነ የሚያውቁት ሙሉ ኃይል፣ ግማሽ፣ አቁም ከሚለው የትዕዛዝ መደወያ ብቻ ነው።

ሁለተኛውን ጥያቄህን ለሌሎች ተውኩት።

ሰሊ_ከኪል

ጋሼ እጅዎ ይባረክ፣ ያንን የዱቄት ሳጥን አላውቀውም ነበር።

እኔ የምኖረው ኪል ነው፣ ጀርመን። ከተማችን አጠገብ ላቦ የሚባል የባሕር ዳርቻ አለ፣ ዩ-995 የሚባለው ሰርጓጅ አሸዋው ላይ ቆሟል፣ ገብተህ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ታልፋለህ። ክብ የብረት በሮቹን ለማለፍ እግርህን አስቀድመህ ጎንበስ ማለት አለብህ። ረጅም ሰው ከሆንክ ግንባርህ ይቀምሳታል።

ኑሮውን ልንገርህ። ሰኞ ጠዋት መገናኛ ላይ የሞላ ሚኒባስ አስብ። አሁን "ወራጅ አለ" ማለት ለ2 ወር ተከልክሏል። ያ ነው።

አልጋው ለሁሉም አይበቃም። አንዱ ለተራው ሲነሳ ሌላው እሱ ያሞቀው ላይ ይተኛል። ፊት ለፊት ያለው የቶርፔዶ (በውሃ ውስጥ ሄዶ መርከብ የሚመታው ፈንጂ) ክፍል ደግሞ መኝታ ቤትም ነው፣ መመገቢያም ነው፣ መጋዘንም ነው። ትርፍ ቶርፔዶዎቹ እዚያው ስለሚቀመጡ መጀመሪያ ላይ ቀጥ ብሎ መቀመጫ እንኳ የለም። ስለዚህ ቶርፔዶ ሲተኮስ ልጆቹ የሚደሰቱበት አንዱ ምክንያት ቦታ ስለሚለቅላቸው ነው። ጉድ እኮ ነው፣ ሰው ሲሞት ያንተ ሳሎን ይሰፋል።

ምግቡ የሚገርም ነው። ከወደብ ሲወጡ ከጀርመን ጦር ሁሉ የተሻለ የሚበሉት እነሱ ናቸው፣ ትኩስ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ፍራፍሬ፣ እውነተኛ ቡና። ቋሊማው ከጣሪያ ላይ በየቧንቧው መሃል ተንጠልጥሎ ራስህን እየመታህ ታልፋለህ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን እርጥበቱ ሁሉን ይበላዋል። ዳቦው ነጭ ሻጋታ ያበቅልና ፀጉራም ይሆናል። ልጆቹ "ነጭ ጥንቸል" ነበር የሚሉት፣ ውጭውን ገፈው መሃሉን ይበላሉ። ከዚያ በኋላ ቆርቆሮ ብቻ። ሁሉም ነገር ናፍጣ ናፍጣ ይላል።

ንጹሕ ውሃ ለመጠጥና ለምግብ ነው፣ መታጠብ የለም። ፂም አይላጭም። በሳሙና ፋንታ ኮሎኝ ይሰጣቸዋል፣ ሽታውን በሽታ ለመሸፈን። ላቡም ናፍጣውም ሻጋታውም ኮሎኙም አንድ ላይ ሲሆን… በቃ ልተወው። ወደብ ሲደርሱ በሙዚቃ ባንድና በአበባ ነው የሚቀበሏቸው። አበባ የያዙት ልጃገረዶች ሳይጠጓቸው በፊት ምን ያህል ትንፋሽ እንደያዙ እግዜር ይወቀው።

ሽንት ቤት ጠይቀሃል። ሁለት አለ። አንደኛው ጉዞው ሲጀመር ምግብ ይሞላበታል። ስለዚህ 50 ለሚጠጋ ሰው አንድ! እሱም ጥልቀት ላይ ከሆኑ አይሠራም፣ የውጭው ግፊት ስለሚበልጥ ማስወጣት አይቻልም። ያን ጊዜ በባልዲና በቆርቆሮ ነው።

መጨረሻ ላይ የተሠሩት መርከቦች ጥልቀት ላይም የሚሠራ ሽንት ቤት ተገጠመላቸው። ግን ቫልቭ በቫልቭ ነው፣ ቅደም ተከተሉን ብትስት ባሕሩ ወዳንተ ይመጣል። ኤፕሪል 14፣ 1945 ስኮትላንድ አጠገብ ዩ-1206 ላይ የሆነው ይሄ ነው። ሽንት ቤቱ ተበላሸና ባሕር ገባ። ከሥሩ ያሉት ደግሞ ባትሪዎቹ ናቸው። የባሕር ውሃና የባትሪ አሲድ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። አየር ለማግኘት ወደ ላይ ወጡ፣ አውሮፕላን አገኛቸው፣ አዛዡ ራሱ መርከቡን አሰጠመው። 4 ሰው ሞተ፣ 46ቱ ተማረኩ። ጦርነቱ ሊያልቅ 3 ሳምንት ሲቀረው፣ በሽንት ቤት!

ቀጥታ_ተናጋሪ

ሁላችሁም እንደ ጀብዱ ነው የምታወሩት። ዳቦው ሻገተ፣ ልጆቹ አልታጠቡም፣ ምን ይደረግ? የነሱን ቶርፔዶ የበሉት ሰዎችስ? የንግድ መርከብ ላይ የነበሩት ከ30 ሺህ በላይ መርከበኞች ሞተዋል። ወታደር አይደሉም። ስንዴና ነዳጅ የሚጭኑ ሰዎች ናቸው። ከነሱ መሃል ሕንዶች፣ ቻይናዎች፣ ከየመንና ከሶማሊያ የሄዱ እሳት አንዳጆች አሉ፣ እነሱ ደግሞ ቶርፔዶው የሚመታው ሞተር ክፍል ውስጥ ናቸው።

ጦርነቱ በታወጀበት በመጀመሪያው ቀን፣ ሴፕቴምበር 3፣ 1939፣ ዩ-30 አቴንያ የምትባል የመንገደኞች መርከብ መታ። ከመቶ በላይ ሰው ሞተ። የጀርመን መንግሥት ዓይኑን በጨው ታጥቦ እኛ አይደለንም አለ፣ የመርከቡ የውሎ መዝገብም ተቀየረ። በዓመቱ ሴፕቴምበር 1940 ላይ ዩ-48 ሲቲ ኦፍ ቤናሬስ የምትባል የመንገደኞች መርከብ አሰጠመ። ከቦምብ ሽሽት ወደ ካናዳ ከሚላኩት 90 ሕፃናት 77ቱ አለቁ፣ ብዙዎቹ በጀልባ ላይ በብርድ።

አንድ ደግሞ ለኛ ሰፈር የቀረበ ልንገራችሁ። ማርች 1944 ዩ-852 በአትላንቲክ ላይ ፔሌውስ የምትባል የግሪክ መርከብ አሰጠመ። 35 ሰው ነበረባት። አዛዡ ሃይንዝ-ቪልሄልም ኤክ ስብርባሪው ከአየር ታይቶ እንዳያጋልጠኝ ብሎ ተንሳፋፊው ላይ መትረየስ አስተኮሰ፣ ሰዎቹ የተንጠለጠሉበት ላይ! ለሰዓታት። 3 ሰው ብቻ ተረፈ፣ ከወር በላይ ባሕር ላይ ቆይተው የፖርቱጋል መርከብ አነሳቸው።

ከዚያ ዩ-852 ደቡብ አፍሪካን ዞሮ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ መጣ። በሜይ መጀመሪያ ከኤደን የተነሱ አውሮፕላኖች አግኝተው ደበደቡት። መስረግ ሲያቅተው ሶማሊያ ጠረፍ ላይ ራስ ሃፉን አካባቢ ሄዶ አሸዋ ላይ ወጣ። ሠራተኞቹን የማረካቸው ማን መሰላችሁ? የሶማሊላንድ ግመለኛ ጦር። መርከቡን ሊያፈነዱት ሞክረው ነበር፣ የውሎ መዝገቡ ግን ተገኘ፣ ፔሌውስ የሰመጠችበት ቀንና ቦታ ተጽፎበት። ኤክና ሁለት መኮንኖቹ ሃምቡርግ ላይ ተፈርዶባቸው ኖቬምበር 30፣ 1945 ተረሸኑ። ከሁለቱ አንደኛው ሐኪሙ ነበር! ሐኪም መትረየስ ይዞ።

ስለዚህ "እንዴት ቻሉት" ከማለት በፊት ይሄም ይነሳ።

የቺካጎው_ልጅ

@ቀጥታ_ተናጋሪ ወንድሜ፣ አልተጣላንም። የግመለኞቹን ታሪክ ፈጽሞ ሰምቼው አላውቅም፣ ጨምርበት። እኔ ግን እንደ ጀብዱ አይደለም የጠየቅኩት። የገረመኝ ሰው ሆነው እንዴት ወደዚያ ይመለሳሉ ብዬ ነው። አንዱስ እምቢ አላለም?

ታሪክ_ወዳድ

ቀጥታ ያለው ልክ ነው፣ ግን ሁሉም አዛዥ ኤክ አልነበረም። ሴፕቴምበር 1942 ዩ-156 ላኮኒያ የምትባል የእንግሊዝ መርከብ አሰጠመ። ውሃው ላይ በጣሊያንኛ "እርዱን" የሚል ጩኸት ሲሰማ ነው መርከቧ 1,800 ያህል ጣሊያን ምርኮኞች እንደጫነች የታወቀው፣ የራሱን አጋሮች ማለት ነው። አዛዡ ሃርተንስታይን ጣሊያኑንም እንግሊዙንም፣ ሴቱንም ሕፃኑንም ማውጣት ጀመረ። ጀልባዎቹን በገመድ ጎተተ፣ ቦታውን ገልጦ በእንግሊዝኛ በሬዲዮ አሳወቀ፣ የቀይ መስቀል ባንዲራ ዘረጋ። የአሜሪካ አውሮፕላን መጥታ ባንዲራው እየታየ ቦምብ ጣለችበት። ከዚያ በኋላ የሰርጓጆቹ አለቃ ዴኒትዝ ከእንግዲህ የሰመጠ መርከብ ሰው እንዳታነሱ ብሎ ትእዛዝ አወጣ። ሃርተንስታይንም በማርች 1943 ከነሠራተኞቹ ጠፋ።

አሁን ወደ ጥያቄህ፣ ለምን ይመለሱ ነበር?

መጀመሪያ ዕድሜያቸውን እይ። አብዛኞቹ ከ20 ብዙም ያላለፉ ልጆች ናቸው። መጨረሻ ላይ በ20 ዓመቱ ሰርጓጅ ያዘዘ አለ፣ ፎን ፍሪዴቡርግ ይባላል። በኋላ ሶሺዮሎጂስት ሆኖ በሄሰን ክፍለ ሀገር የትምህርት ሚኒስትር ሆኗል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙው በፈቃዱ ነው የገባው። ደሞዙ ከሌላው ይሻላል፣ ዕረፍት አለ፣ ከፈረንሳይ ወደቦች ወደ ጀርመን የሚያደርሳቸው የራሳቸው ባቡር ነበራቸው፣ አዛዦቹ እንደ ኳስ ተጫዋች ፎቷቸው ይሸጥ ነበር። 1940 ላይ ያለ ልጅ የሚያየው ይሄን ነው። ኋላ ግን ፈቃደኛ መሆን ቀርቶ ተመድቦ መሄድ ሆነ።

ሁለተኛ፣ ማን እንደሞተ አይነገራቸውም። እያንዳንዱ መርከብ ብቻውን ነው የሚወጣው። ጓደኛህ ያለበት መርከብ ካልተመለሰ ሌላ ወደብ ገብቶ ይሆናል ትላለህ። ሦስቱ ታዋቂ አዛዦች ፕሪን፣ ሼፕከና ክሬችመር በአንድ ወር ውስጥ፣ ማርች 1941፣ ከጨዋታ ወጡ። ሁለቱ ሞቱ፣ ክሬችመር ተማረከ። የፕሪንን መጥፋት መንግሥት ለሕዝብ ያሳወቀው ግን ከሁለት ወር በላይ ቆይቶ ነው።

ሜይ 1943 ላይ ሁሉም ነገር ተገለበጠ። በአንድ ወር 41 ሰርጓጅ ጠፋ። አውሮፕላኑ ራዳር አለው፣ አጃቢው መርከብ የሬዲዮ መልእክትህ ከየት እንደተላከ የሚለይ መሣሪያ አለው፣ እንግሊዞች ደግሞ ኢኒግማ በሚባለው የምስጢር መጻፊያ ማሽን የሚላከውን መልእክታቸውን ያነባሉ። አቴንያን የመታው የዩ-30 አዛዥ ሌምፕ 1941 ላይ ዩ-110 ሲያዝበት ነው ከማሽኑ አንዱና የኮድ መጻሕፍቱ እንግሊዝ እጅ የገቡት። እሱ እዚያው ሞተ፣ ሠራተኞቹ መርከባቸው መያዙን እንዳያዩ ቶሎ እንግሊዞቹ መርከብ ውስጥ ወደ ታች ተወሰዱ። ሜይ 1943 ከጠፉት መርከቦች አንዱ ዩ-954 ላይ የዴኒትዝ የራሱ ልጅ ነበር። ዴኒትዝ በዚያው ወር መርከቦቹን ከሰሜን አትላንቲክ አስወጣ። ትንሽ ቆይቶ ግን መልሶ ላካቸው፣ ጠላትን እዚያ ጠምደው ይያዙልኝ በሚል።

እምቢ ማለት ላልከው፣ ኦስካር ኩሽን ፈልግ። የዩ-154 አዛዥ ነበር። የሂትለርን ፎቶ ከመኮንኖቹ ክፍል አንስቶ ራቅ ያለ ቦታ አሰቀለው። የውጭ ሬዲዮ ይሰማል፣ ጦርነቱን ተሸንፈናል ይላል። የራሱ ምክትል የነበረ መኮንን ከሰሰው። ጃንዋሪ 1944 ኪል ላይ ለፍርድ ቀረበ፣ አቃቤ ሕጉ እንኳ የጠየቀው እስራት ነበር፣ ዳኞቹ ሞት ፈረዱ። ሜይ 12፣ 1944 ተረሸነ። ከሳሹ ደግሞ በሽልማት መልክ የራሱ መርከብ ተሰጥቶት ኤፕሪል ላይ ወጥቶ ቀረ፣ ከተከሳሹ ቀድሞ ሞተ። የኩሽ ስም በፍርድ የነጻው 1996 ላይ ነው፣ ከ50 ዓመት በላይ ወስዷል። ዴኒትዝ ይቅርታ ማድረግ ይችል ነበር፣ አላደረገም። ምክትሎቹ ይሄን እያዩ ማን እምቢ ይላል?

አንተ ያየሃት ዩ-505 ራሷ ታሪኳ ይሄንኑ ይናገራል። ኖቬምበር 1942 ካሪቢያን ላይ አንድ አውሮፕላን በጣም ዝቅ ብሎ ቦምቡን ጀርባዋ ላይ ጣለው፣ ፍንዳታው ራሱን አውሮፕላኑን በላው። መርከቧ ተቀዳዳ ሎሪያን የሚባለው የፈረንሳይ ወደብ ደረሰች። ለወራት ተጠገነች፣ ስትወጣ ደግሞ ሁሌ የሆነ ነገር ይበላሻል፣ ወደቡ ላይ የሚሠሩት ፈረንሳዮች አሻጥር ይሠሩባት ነበርና። በወጣች በጥቂት ቀኗ ትመለሳለች። ወደብ ላይ መቀለጃ ሆነች፣ አዛዡ ቼክም አብሮ። ኦክቶበር 24፣ 1943 የጥልቀት ቦምብ እየወረደባቸው ሳለ ቼክ ሠራተኞቹ ባሉበት ሽጉጡን አውጥቶ ራሱን ገደለ። ምክትሉ ምንም እንዳልተፈጠረ ትእዛዙን ተቀብሎ መርከቧን ይዞ ተመለሰ። እና ሠራተኞቹ? በሌላ አዛዥ ሥር መልሰው ላኳቸው።

ጁን 4፣ 1944 ምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ አጠገብ አሜሪካኖች አገኟት። መሪዋ ተቆልፎ በክብ እየዞረች ወጣች፣ ሠራተኞቹ ዘለሉ፣ የአሜሪካ መርከበኞች በጀልባ ደርሰው ውስጧ ገቡ። ልትሰጥም ነው፣ ፈንጂም ሊኖር ይችላል። ውሃ የሚገባበትን ክዳን ፈልገው መልሰው ገጠሙትና አዳኗት። ከ59ኙ ጀርመኖች የሞተው አንድ ብቻ ነው። የቀሩት 58ቱ ሉዊዚያና ውስጥ ካምፕ ረስተን ለብቻቸው ታጎሩ፣ ለቀይ መስቀልም አልተነገረም፣ ምስጢሩ እንዳይወጣ። አገራቸው ውስጥ ሞታችኋል ተብሎ ለቤተሰብ ተነገረ። እናት ልጇን አልቅሳ ስትጨርስ ልጁ ሉዊዚያና ውስጥ ቁርስ እየበላ ነው።

ሰሊ_ከኪል

የመጨረሻዋ አሳቀችኝ፣ አሳዘነችኝም።

ስለ ምርኮኞች ካነሳህ፣ አሪዞና ውስጥ ፓፓጎ ፓርክ የሚባል ካምፕ ነበር፣ የሰርጓጅ ሰዎች የሚበዙበት። ዲሴምበር 1944 ላይ 25 ሰዎች ከ50 ሜትር በላይ ዋሻ ቆፍረው በገና ዋዜማ ሰሞን አመለጡ። ሦስቱ የሚገጣጠም ጀልባ ሠርተው ይዘዋል። ካርታ ላይ ሰማያዊ ወንዝ አይተው በዚያ እየተንሳፈፍን ሜክሲኮ እንገባለን ብለው ነበር። ሲደርሱ ወንዙ የለም፣ ጭቃ ነው። አትላንቲክን ያቋረጡ ባሕርተኞች ጀልባቸውን ተሸክመው በረሃ ላይ ቆሙ! ሁሉም ተይዘው ተመለሱ።

@የቺካጎው_ልጅ ደግሞ ወደ ጀርመን ብቅ ካልክ ከላቦው መርከብ ሌላ ሞልተንኦርት የሚባለው መታሰቢያ አለ፣ እዚያው አቅራቢያ። በየመርከቡ ቁጥር የሞቱት ሁሉ ስማቸው በነሐስ ሰሌዳ ላይ ተጽፏል። ልጆችን ቀድመህ ላቦ ውሰድ፣ ሞልተንኦርት ለልጅ አሰልቺ ነው።

ቀጥታ_ተናጋሪ

ኩሽን አላውቀውም ነበር፣ አመሰግናለሁ። የላኮኒያውንም። የኔ ጥያቄ ግን ያው ነው፣ ኩሽ አንድ ነው፣ የቀሩት በመቶ የሚቆጠሩ አዛዦች ዝም ብለዋል። ዴኒትዝስ? ኑረምበርግ ላይ 10 ዓመት ተፈርዶበት ወጥቶ ጡረታ እየበላ እስከ 1980 ኖረ።

ምፅዋ67

ልጆች፣ ጨዋታው ከደራ አይቀር የኛን ባሕር ልጨምር።

ጣሊያን 1940 ጦርነት ሲገባ ምፅዋ ላይ 8 ሰርጓጆች ነበሩት። ቀይ ባሕር በጁን ምን እንደሚመስል ምፅዋ የኖረ ያውቀዋል። ሙቀቱን ለማብረድ ማቀዝቀዣ ተገጥሞላቸዋል፣ ማቀዝቀዣው የሚሠራበት ጋዝ ግን ሽታ የሌለው መርዝ ነው። በሰላም ጊዜ ሲያፈስ ክዳን ይከፈታል። በጦርነት ግን ቀን ከውሃ በታች ተዘግተህ ነው የምትውለው። ሰዎቹ ሳያውቁት ተመረዙ፣ መቃዠት፣ መሳቅ፣ ማበድ ጀመሩ፣ የሞቱም አሉ። ማካሌ የምትባለዋ፣ አዎ በኛዋ መቀሌ ስም ነው፣ መንገድ ስታ ሱዳን ጠረፍ ያለ ደሴት ላይ ወጣች። ጋሊሌዮ ጋሊሌይን እንግሊዞች ማርከው ኤደን ወሰዷት። በመጀመሪያው ወር ብቻ ከ8ቱ 4ቱ አለቁ።

የቀሩት 4 ምፅዋ ልትወድቅ ስትል ማርች 1941 ወጡ። ስዊዝ በእንግሊዝ እጅ ነው። ስለዚህ አፍሪካን ሙሉ በሙሉ ዞሩ፣ መንገድ ላይ የጀርመን መርከቦች ነዳጅ ቀዱላቸው። ትንሿ ፔርላ 80 ቀን ያህል ፈጅቶባታል። ጃንሆይ አዲስ አበባ በገቡበት በዚያው በሜይ 1941 አራቱም ጀርመን በያዘችው ፈረንሳይ ቦርዶ ወደብ ገቡ፣ ጀርመኖቹ ጎን። እኛ ስንቀጠር ወደቡ ላይ የነበሩ ሽማግሌ ሠራተኞች እነዚያን መርከቦች በስም እየጠሩ ያወሩልን ነበር።

የቺካጎው_ልጅ

ጋሼ፣ ይሄማ ራሱን የቻለ ርዕስ ነው! እባክዎ አዲስ ይክፈቱልንና እዚያ ይቀጥሉ። ሽማግሌዎቹ ያወሩልዎትን ጭምር ይጻፉልን፣ በተለይ ማካሌ ላይ ስለነበሩት ሰዎች።